የማክሰኞ፣ የሐሙስና የቅዳሜ ተረኛ

ስሜን ተዉትና ሥራዬን ልንገራችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲደርስ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁሉም “ኢንጂነር” ይለኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ? ችኩል ነኝ፣ አፈኛም ነኝ፣ ሥራዬ ግን ያምራል። በተለይ የኬብል ሥራዬ! በየስንዝሩ አስሬ፣ ቀጥ አድርጌ ስዘረጋው ሹሩባ ነው የሚመስለው። እንግዳ ሲመጣ ሰርቨር ክፍሉን “እዩልኝ” ብዬ የማስጎበኝ ሰው ነበርኩ።

ከዋናው ሕንፃ ሰርቨር ክፍል ተነስቶ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ሰባ ሜትር ያህል ሄዶ የፈተና አዳራሹ የሚገባውን ኬብል የዘረጋሁትም እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ ሰማንያ ኮምፒውተር አለ፤ ሁሉም ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኘው በዚያች አንድ መስመር ነው። የሁለቱን ክፍሎች ቁልፍ የሚይዙት ደግሞ ጋሽ ዳንጊሶ ነበሩ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ የነበሩ ሰው ናቸው። ጠዋት ይከፍታሉ፣ አቧራ ይጠርጋሉ፣ ኮምፒውተሮቹን ያስነሳሉ፣ ማታ ይዘጋሉ። የአፍ መፍቻቸው ሲዳሙ አፎ ስለሆነ አማርኛውን ረጋ ብለው፣ ቃል መርጠው ነው የሚናገሩት። አየለ ከሚባል ባልደረባቸው ጋር እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር።

ተመራቂዎቻችን የመውጫ ፈተና ሊፈተኑ አንድ ወር ሲቀራቸው ሞዴል ፈተና ጀመርን። ጉዱ የፈላው ያኔ ነው። ፈተናው በጀመረ በግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም በሰዓቱ፣ ሰማንያው ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ ይቆይና ራሱ ይመለሳል። በዚያ መሃል ተማሪው ይንጫጫል፣ መልስ ይቀባበላል። ሮጬ ስደርስ ሁሉም ነገር ደህና ነው። የኬብሉን ጫፎች ቀየርኩ። ኬብሉን በቴስተር ለካሁ፤ ንጹሕ። ኬብሎቹ የሚሰኩበትን ሳጥን፣ ስዊቹን፣ ቀየርኩ፤ ያው።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ብልጠቴ መጣልኝ። የተቋረጠባቸውን ቀኖች በወረቀት ላይ ደረደርኳቸው። ማክሰኞ። ሐሙስ። ቅዳሜ። ማክሰኞ። ሐሙስ። ሰኞ የለም፣ ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም። የሠራተኛ ፈረቃውን አምጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ተረኛው ማን ነው? ጋሽ ዳንጊሶ። በአየለ ቀን አንድም ጊዜ ተቋርጦ አያውቅም። በዚያ ላይ የወንድማቸው ልጅ ከተፈታኞቹ አንዱ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

“ችግሩ የቴክኒክ አይደለም። በተረኛው ሠራተኛ ሆን ተብሎ ኬብል እየተነቀለ ነው” ብዬ ለኮሌጁ ዲን ሪፖርት ጻፍኩ፣ ስማቸውን ጠቀስኩ፣ ፈረምኩ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ሪፖርቱ በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ተነበበ። ጋሽ ዳንጊሶ ከኋላ ነበሩ። ዲናችን ዶክተር መስፍን “ምን ይላሉ?” ሲሏቸው ተነሱና “እኔ የማውቀው ነገር የለም” ብለው ተቀመጡ። አልተከራከሩም፣ አልጮኹም። እኔም በሆዴ “ንጹሕ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚመልሰው?” አልኩ።

ዋናው ፈተና የጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። ዶክተር መስፍን ጠዋት ቢሮ ጠርተውኝ ዕቅዳቸውን ነገሩኝ። “ዛሬ ዳንጊሶ አዳራሹም ሰርቨር ክፍሉም አጠገብ አይደርስም። ቁልፉን አንቺ ያዢ፤ እሱ በር ላይ ዘበኛ ቤት ይቀመጣል። እሱ በሌለበት ካልተቋረጠ ነገሩ አለቀ፤ ለፖሊስ ነው የማስረክበው። የፈተና ወንጀል ቀልድ አይደለም፣ እስር አለው።”

“ጥሩ” አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ቁልፉን ተቀበልኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ፈተናው ተጀመረ። እኔ አዳራሹ ጥግ ቆሜያለሁ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሲሆን ከፊት የተቀመጠች ባለመነጽር ልጅ እጇን አወጣች። “ቆመብኝ” አለች። ከኋላ አንዱ “የኔም” አለ። ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ አዳራሹ በሙሉ “ቆመ! ቆመ!” ሆነ። አንዷ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች።

ጋሽ ዳንጊሶ እኮ በር ላይ ናቸው! በመስኮት ይታዩኛል፤ የዘበኛ ቤቱ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለዋል።

ግቢውን በሩጫ አቋርጬ ሰርቨር ክፍሉን ከፈትኩ። ማንም የለም። ኬብሉ እንደተሰካ ነው። የስዊቹ መብራት አረንጓዴ ነው። ለማታውቁት ላስረዳ፤ ኬብል ከተነቀለ ያቺ መብራት ትጠፋለች። እሷ በርታ ግንኙነቱ ከሞተ፣ ኬብሉን የነቀለ ሰው የለም ማለት ነው። ላፕቶፔን ሰካሁና የመስመሩን ቆጣሪ ከፈትኩ። ስዊች የሚባለው ዕቃ ተበላሽቶ የደረሰውን መልእክት ሁሉ ይቆጥራል። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይሮጣል፤ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ አምስት ሺህ። መልእክቱ መንገድ ላይ እየተበላሸ ነው።

አፈርኩ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ይህን ቆጣሪ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁትም። ምን ልሁን ብዬ ልየው? ጥፋተኛውን አውቄዋለሁ ብያለኋ! ተማሪ ሳለሁ አስተማሪያችን “መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩ” እያለ ሲነዘንዘን እስቅበት ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ቁጥሩ ቀጥ አለ። አዳራሹም ተመለሰ። ተቆጣጣሪዎቹ ለተማሪዎቹ የባከነውን ሰዓት ጨመሩላቸውና ፈተናው ቀጠለ። እኔ ግን ወደ ዲኑ ቢሮ በረርኩ።

“ዶክተር፣ ጋሽ ዳንጊሶ አይደሉም! እሳቸው በር ላይ እያሉ ተቋረጠ። የሚነቅል ሰው የለም፤ የሆነ ነገር መስመሩን እያበላሸው ነው።”

ዶክተር መስፍን ከወረቀታቸው ቀና አሉ። “ምንድን ነው የሚያበላሸው?”

“ገና አላወቅሁም።”

“ትናንት ‘የቴክኒክ አይደለም’ ብለሽ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም? ዛሬ ደግሞ የቴክኒክ ነው ትይኛለሽ። ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር አስቀምጦ ሄዶ ይሆናል። ወይ ግብረ አበር አለው።”

“እንዴ ዶክተር! ጋሽ ዳንጊሶ እኮ የሰርቨርን ውስጥ የት ያውቁታል?”

“ይህንንም ሪፖርቱን ስትጽፊ ማሰብ ነበረብሽ። ለፖሊስ ደውያለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሁለተኛው ፈተና ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ በዓይኔ የማየው ነገር ካመጣሽ አምጪ፤ ካላመጣሽ ሰውዬው ከፖሊሱ ጋር ይሄዳል።”

ስድስት ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ሲወጡ ሥራ ጀመርኩ። ሁለቱንም ጫፍ ፈታሁ፣ እንደገና ሠራሁ፣ ለካሁ። ንጹሕ። ቆጣሪውን አየሁ፤ ዜሮ። ይህ በሽታ ሐኪም ሲያይ የሚድን ዓይነት ነው። ስፈልገው የለም። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ጎልማሳ ፖሊስ በባጃጅ መጥቶ በር ላይ ሲወርድ አየሁ። ሽማግሌውን በእኔ ፊርማ ሊወስዳቸው ነው!

መፍቻዬን ጥዬ ወደ ዘበኛ ቤቱ ሄድኩ። ምን ልላቸው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጋሽ ዳንጊሶ ሲያዩኝ ከአግዳሚው ላይ ተነሡ። ለእኔ! ኧረ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

“ይቀመጡ፣ ጋሽ ዳንጊሶ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት።”

“ጠይቂ፣ ኢንጂነር።”

“ሁልጊዜ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ተረኛ የሚሆኑት ለምንድን ነው? ድሮ እኮ ከአየለ ጋር ሳምንት በሳምንት ነበር የምትቀያየሩት።”

“የውሃ ነገር ነው” አሉ።

“የምን ውሃ?”

“የእኛ ሰፈር፣ ታቦር፣ ውሃ የሚመጣው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ነው። ባለቤቴ ወገቧን ታማለች፣ ጀሪካን ማንሳት አትችልም። በውሃ ቀን እኔ ቤት መዋል አለብኝ። አየለን ለመንኩት፤ እሺ አለኝ።”

“ኮሌጁ ሰፈርስ መቼ ነው የሚመጣው?”

“ታቦር በማይመጣበት ቀን ነዋ!” አሉ፣ ይህንን የማያውቅ ሰው ይኖራል እንዴ በሚል ዓይን እያዩኝ። “ለአንዱ ሲዘጉ አይደለም ለሌላው የሚከፍቱት? እዚህ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ነው። ዛሬም ጠዋት መጥቷል። ፓምፑ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።”

ፓምፑ!

ከሁለት ወር በፊት ከካፌው ጓሮ አዲስ ፓምፕ ተተክሏል። የከተማው ውሃ ሲመጣ ታች ያለው በርሜል ይሞላል፤ ያኔ ፓምፑ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነስቶ ውሃውን ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋል። ታንከሩ ሲሞላ ራሱ ይጠፋል። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ።

“ጋሽ ዳንጊሶ፣ ለፓምፑ መብራት የሚወስደው ገመድ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?”

“አዲስ ገመድ መቼ ተሳበ? የድሮውን ነው ያስነሡት። ያ በዋናው ሕንፃ ግድግዳ የሚሄደውን።”

አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን ገመድ አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ኬብሌን ስዘረጋ ግድግዳው ላይ በተገጠመ የፕላስቲክ ቦይ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። የተቃጠለ ፓምፕ ገመድ ነው፣ የሞተ ነው ተባልኩ። የመብራት ገመድና የመረጃ ኬብል አብሮ እንደማይተኛ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ሌላ ቦይ ለመግጠም ግድግዳውን እንደ አዲስ መብሳት ሊኖርብኝ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ደግሞ ቦታ አለ፤ ገመዱም ሞቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቼ፣ በየስንዝሩ ጥብቅ አድርጌ አሰርኳቸው። ያማረ ሹሩባዬ! አሁን ያ የሞተ ገመድ ነፍስ ዘርቶ፣ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ኬብሌ ላይ እየጮኸበት ነው። በባጃጅ ሞተር ላይ ተቀምጦ ስልክ ማውራት በሉት፤ ስልኩ ደህና ነው፣ ወሬው ግን አይሰማም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ቀላል ነበር። ሄጄ የፓምፑን ብሬከር ላጥፋዋ! የከሰዓቱ ፈተና ሰላም ይውላል፣ ቅዳሜና እሑድ ኬብሉን በሌላ መንገድ አዞረዋለሁ፣ ማንም አያውቅም። ሊጥመኝ ሁሉ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ግን ዲኑ ጠዋት ያሉት ትዝ አለኝ። ጋሽ ዳንጊሶ በሌሉበት ግንኙነቱ ሰላም ከዋለ፣ ጥፋተኛው እሳቸው መሆናቸው ተረጋገጠ ማለት ነው። በዝምታ ያዳንኩት ፈተና እሳቸውን ያሳስራቸዋል። ማዳን የምችለው ዲኑ እያዩ መስመሩን እኔው ራሴ ከገደልኩት ብቻ ነው።

ችግሩ ታንከሩ ሞልቷል፤ ፓምፑ አይነሳም። ሰባት ከሃያ ሆኗል።

“ጋሽ ዳንጊሶ፣ ፓምፑን አሁን እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል?”

“ይቻላል። ታንከሩ ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ አለች። ገመዷን ይዘሽ ወደ ላይ አውጥተሽ ካንጠለጠልሻት ውሃው የጎደለ ይመስላታል፤ ፓምፑን ታስነሳለች። መልሰሽ ስትለቂያት ይጠፋል። ግን ጣሪያ ላይ ነው።”

“ይወጡልኛል?”

ወደ መሰላሉ መራመድ ጀመሩ። ፖሊሱ ከዲኑ ቢሮ ሲወጣ አያቸውና “ወዴት ነው?” ብሎ ጮኸ። ነገሩን ባጭር ባጭሩ ነገርኩት። “እኔ ሰው ልወስድ ነው የመጣሁት እንጂ ጣሪያ ልወጣ ነው?” እያለ አጉረመረመ፤ ግን ተከትሏቸው ወጣ።

ዶክተር መስፍንን ከቢሯቸው ጎትቼ አወጣኋቸው ብል አላጋነንኩም። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ከላፕቶፔ ፊት አቆምኳቸው። አዳራሽ ውስጥ አንዱን ኮምፒውተር ከፍቼ ትቻለሁ፤ እሱም ስክሪኔ ላይ ይታያል። ለጋሽ ዳንጊሶ ደወልኩ።

“ደርሰዋል?”

“ደርሻለሁ። ኳሷን ይዣታለሁ።”

“ዶክተር፣ ይችን ቁጥር ይዩ። ዜሮ ናት አይደል? ጋሽ ዳንጊሶ፣ አሁን ያንጠልጥሏት!”

አንድ። ሁለት። ሦስት። ምንም የለም። ዲኑ ሰዓታቸውን አዩ። ተሳስቼ ቢሆንስ? አራት። አምስት። ከጓሮ በኩል የፓምፑ ድምፅ ተሰማ፤ በዚያው ቅጽበት ቁጥሩ ተስፈነጠረ። መቶ፣ አምስት መቶ፣ ሺህ። የአዳራሹ ኮምፒውተር ቀጥ አለ።

“ይልቀቋት!”

ፓምፑ ጠፋ። ቁጥሩ ቆመ። ኮምፒውተሩ ተመለሰ።

“እንደገና ያንጠልጥሏት!”

ሮጠ። “ይልቀቋት!” ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ዶክተር መስፍን ራሳቸው ስልኩን ከእጄ ተቀብለው “አቶ ዳንጊሶ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ” አሉ። ሮጠ። ቆመ። ስልኩን መለሱልኝ። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

“ይህን ኬብል ከመብራት ገመድ ጋር አንድ ላይ ያሰረው የማነው ጅል?” አሉ።

“እኔ ነኝ።”

ከላፕቶፑ ወደ እኔ ዞሩ።

“እኔ ነኝ፣ ዶክተር። አውቄ ነው ያሰርኩት። ሰነፍኩ።”

የፓምፑን ብሬከር አጠፋን፤ ስምንት ሰዓት ላይ ፈተናው ተጀመረ፣ አንዴም ሳይቋረጥ አለቀ። ፖሊሱ ከጣሪያ ሲወርድ ሱሪው በአቧራ ነጭ ሆኖ ነበር። ከጋሽ ዳንጊሶ ጋር ተጨባብጦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ማንም እንዳይጨነቅ እሑድ ሙሉ ቀን ግድግዳ ስበሳ ዋልኩ፤ ኬብሉን በሌላኛው ግድግዳ፣ ከመብራት ገመድ ራቅ አድርጌ ዘረጋሁት።

ዶክተር መስፍን ያን ዕለት ማምሻውን ጠሩኝ። “‘የቴክኒክ ችግር ነበር፣ ተስተካክሏል’ ብለሽ ጻፊና ፋይሉ ይዘጋ። የአንቺን ስም ምን አመጣው?” አሉኝ። ለእኔ አስበው ነው። እውነት ለመናገር ሐሳቡ አጓጉቶኝ ነበር። ግን “የእሳቸው ስም በሰው ፊት ተነቧል፤ የእኔም ይነበብ” አልኳቸው። ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ራሴ ቆሜ አነበብኩት። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተቆራረጠ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈልኝ፤ የሚገባኝ ነው።

ከስብሰባው ስንወጣ ጋሽ ዳንጊሶን በረንዳው ላይ ደረስኩባቸው። ጎንበስ ብዬ “ይቅር ይበሉኝ” አልኳቸው። ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

“ጌታ ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ” አሉ። ቀጥለውም፣ ምንም ምሬት ሳይኖርባቸው፣ እስከዛሬ የማልረሳውን ነገር ነገሩኝ። “ያ ወረቀት ሲነበብ ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። ይቺ ልጅ ተምራለች፣ በማሽን አይታ ነው የጻፈችው፤ ዝም ብላ አትጽፍም አልኩ። እኔ ያንን ማሽን አላውቀውም። አቧራ ስጠርግ ሳላውቅ የሆነ ነገር ነክቼ ይሆናል አልኩ። ለባለቤቴም ‘እኔ ሳልሆን አልቀርም’ አልኳት። ሌሊት ተነስተን ጸለይን። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን ስጠርግ እጄን ጠረጠርኩት።”

አንባቢዎቼ፣ “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላሉ አበው። እኔ ነገሩን ከሥሩ ሳልመረምር በሁለት ዝርዝር ሰው ልበላ ነበር። ዝርዝሩ ደግሞ ትክክል ነበር፤ ይህንን ልብ በሉልኝ። ቀኖቹ ገጥመዋል። የጋሽ ዳንጊሶን ተረኝነትና የኮሌጁን ውሃ የሚያመጣው አንድ የከተማው የውሃ ፈረቃ መሆኑን ግን ማሽኑ አይነግረኝም፤ ጠጋ ብሎ ሰውየውን መጠየቅ ነበረብኝ። አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጠየቅኋትም። ዛሬ በሥራዬ የሰው ስም የሚጻፍበት ወረቀት ሲመጣ፣ ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት ሄጄ ከዚያ ሰው ጋር ቁጭ እላለሁ። “ቀንዎ እንዴት ነው የሚውለው?” እላለሁ። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት አያጣችሁምና ብታስቡበት።

ሰዎች “ዲኑ በእርስዎ አምነው ያንን ምስኪን ሰው ሊያሳስሩ ነበር፤ ይህ አይከብድም?” ይሉኛል። ይከብዳል። ግን ዲኑን በሦስት ደቂቃ መልሼ አሳምኛቸዋለሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ ጋሽ ዳንጊሶ ራሳቸው አምነውኝ እንደነበር ነው።